ለሰላምታ የምትቆም መኪና

ጌንዞ ሰላምታ አያውቅም። ኩሮታኒ መንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት ሰው ካለፈ ፊቱን ወደ ሞተር ያዞራል፤ ሞተር ከሌለ ወደ ግድግዳ። ሌላ ቦታ ቢሆን «ሥራ የበዛበት ሰው ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እዚህ ግን ሰው ከሰው ሲተላለፍ ጎንበስ ይላል፤ ያኛውም ጎንበስ ይላል፤ የፊተኛው «የእሱ ከእኔ ዝቅ አለ» ብሎ ይደግማል፤ እንዲህ ሲባባሉ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡስ ያመልጣል። የጌንዞ አንገት ግን ወይ ፍንክች። መንደሩም «ወጣት ሳለ የመወዳደሪያ መኪና ጠግኖ ነበርና ከዚያ ወዲህ ጠገበ» ብሎ ፈረደበት።

እውነቱን ለመናገር ጥጋብ አልነበረም። ዓይን አፋርነት ነበር። ስልሳን የተሻገረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ዓይን አፋር ነው ቢባል ማን ያምናል? ሰላም ካለ በኋላ ምን እንደሚባል ስለማያውቅ ሰላም አይልም። ይህን ከማስረዳት ደግሞ ኩሩ መባልን መረጠ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

ስለ መኪና ከተነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በወጣትነቱ ባሕር ዳርቻ ባለ የእሽቅድምድም ጋራዥ ሁለት ክረምት ሠርቷል፤ ሲያወራው ሃያ ክረምት ያደርገዋል። ከዚያ ይዞት የመጣው ትልቅ ተርቦ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውለዋል። ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ይኼ ሲነፋ መኪና መንዳት ቀረ፤ መብረር ነው!» ይላል። ለማን ሊገጥመው እንዳስቀመጠው ግን ራሱም አያውቅም ነበር።

የመንደሩ መንገድ ከጋራዡ በር ይነሳና ሽቅብ ይወጣል። ኩሮታኒ የተሠራችው ፍየል እንኳ ቆም ብላ አስባ በምትወጣው ተራራ ጎን ላይ ነው። ጫፍ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቤት የኪኑ ናት። ኪኑ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ትሠራለች፤ የታች አገር ሰዎች የሚበሉትን፣ ማንኪያ ላይ የሚንቀጠቀጠውን አይደለም። የተራራው ቶፉ በገመድ አስረው አንጠልጥለውት ቢሄዱ አይፈርስም። ማለዳ ሠርታ በትንሿ ነጭ መኪናዋ ታወርድና ወንዙ ዳር ካለው ገበያ ትሸጣለች። መውረዱ ችግር የለውም፤ ድንጋይም ይወርዳል። ችግሩ መመለሱ ነው።

መኪናዋ ለትንንሾች ብቻ የሚሰጠው ቢጫ ታርጋ ከሚለጠፍባቸው፣ ጌንዞ እጥፍጥፍ ብሎ ካልሆነ ከማይገባባቸው ዓይነት ናት። ሞተሯ ከጀበና ብዙም አትበልጥም። ስለዚህ ፋብሪካው አዝኖላት ተርቦ ገጠመላት። ተርቦ የሚሉት ነገር ወናፍ ነው። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ ማራገቢያዋ ተመልሳ ለሞተሩ አየር ትነፋለታለች። ሞተሩ ከሮጠ ወናፉ ይነፋል፤ ወናፉ ከነፋ ሞተሩ ይሮጣል። ጣጣው መነሻው ላይ ነው፤ ሞተሩ ካልሮጠ ወናፉ አይነፋም፣ ወናፉ ካልነፋ ሞተሩ አይሮጥም፣ እስኪስማሙ ድረስ ዳገት ላይ ያለ ሰው አበሳውን ያያል።

ኪኑም አየች። በዝናቡ ወራት መኪናዋ ዳገቱ መሃል ባለው ቤተ መቅደስ በር ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ወደ ኋላ ተንሸራተተችና የመነኩሴው የኤንካይ አበባ አጥር ውስጥ ቂጧን ቀብራ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ አበባውም በማግስቱ ቀና አለ። ወሬ ግን እንደ መኪናዋ ጉልበት አያጥረውም፤ ተራራውን ወርዶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ኦሳካ ገባ። ኦሳካ ደግሞ አንድ ልጇ ሹዞ አለ። ወዲያው ደወለ።

«እማዬ፣ አሁንስ በዛ። በነሐሴ ለሙታን በዓል ስመጣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ከታች እስከ ላይ አብሬሽ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞተሩ ከጠፋብሽ መንጃ ፈቃድሽን ትመልሻለሽ፣ ቤቱ ይዘጋል፣ ከእኔ ጋር ኦሳካ ትገቢያለሽ።»

«እሺ» አለች ኪኑ። ስልኩን ዘግታ በነጯ መኪናዋ ቀጥ ብላ ጌንዞ ጋ ወረደች።

«ጌንዞ፣ ይቺ ልጅ ከታች ጉልበት የላትም። ከሮጠች በኋላ ደህና ናት፤ ስትነሳ ነው እንደ እኔ ጉልበቷን ይዛ የምታቃስተው።»

«እሠራታለሁ፣ እትዬ ኪኑ» አለ ጌንዞ፣ ለሞተሩ።

«ካልሠራሃት ኦሳካ መግባቴ ነው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው አሉ። እዚያ ምን አባቴን እሠራለሁ?»

ጌንዞ ፊቱን ይበልጥ ሞተሩ ውስጥ ቀበረ። ኪኑን ይወዳት ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለም ይወዳት ነበር፤ ያኔ ነውር ስለሆነ ዝም አለ፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ዝምታው ለመደበት። ነጯ መኪና ጠዋትና ከሰዓት በጋራዡ በር ስታልፍ ጀርባውን ሰጥቶ ድምጿን ያዳምጣል፤ የዕለት ደስታው እሱ ነው። ኪኑ ከሄደች ለጌንዞ የሚቀረው ግድግዳው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ግድግዳው ሄደና ትልቁን ተርቦ አወረደው።

ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ አየር የሚያፈሰውን ጎማ ሁሉ ፈትሾ አሰረ፣ ማርሚታውን ጠረገ፣ በመጨረሻም የእሽቅድምድሙን ተርቦ እዚያች ጠባብ ኮፈን ሥር በመዶሻና በስድብ አስገባው። ከዚያ ብቻውን ሊሞክራት ወጣ። ከታች ጀምሮ እግሩን ሳያነሳ ረገጣት። መኪናዋ መጀመሪያ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ወናፉ ሲነቃ ፉጨቷ ተራራውን ሞላው፣ የመነኩሴውን ዶሮዎች በተነች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጌንዞ ልጁን እንደዳረ ሰው ሳቀ።

«ውሰጃት!» አለ ሲመለስ፤ «እርስዎ» ማለቱን እንኳ በደስታ ረስቶት።

ኪኑ ወሰደቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእግሯ ተመለሰች።

«ጠፋች።»

«የት?»

«ያው ቤተ መቅደሱ በር ላይ።»

ጌንዞ ወጥቶ አስነሳት፤ በረረች። ሰጣት፤ ጠፋች። ማቀጣጠያውን አስተካከለ፤ በእሱ እጅ በረረች፣ በእሷ እጅ ጠፋች። ነዳጁን ቀየረ፤ ያው። መነኩሴው ኤንካይ «ቦታው ይሆናል» ብለው አንድ ቀን የመነኩሴ ልብሳቸውን በሙሉ ለብሰው መኪናዋ ላይ ጸሎት አደረሱላት፤ በረከቱን ተቀብላ እዚያው ዓይናቸው ሥር ጠፋች። መንደሩ መሳቅ ጀመረ። የጌንዞ ጠብ ከሞተር ጋር መሆኑ ቀርቶ ስሙን የማዳን ሆነ፤ ሌሊት ግን የሚያስበው ስለ ስሙ አልነበረም፤ ስለ አሥራ አራተኛው ፎቅ ነበር።

«ነገ አብሬዎት እወጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ጉልበቱን ጆሮው ድረስ አጥፎ ጎኗ ገባ። ኪኑ ደህና አድርጋ ተነሳች። በሁለተኛ ማርሽ ስትረግጣት ወናፉ መንቃት ጀመረ፤ ጌንዞ ፉጨቱን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ልክ በዚህ ጊዜ ዘጠና የሞላቸው እማማ ታኬ ደጃቸውን ሲጠርጉ ታዩ። ኪኑ ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ ግንባሯ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ፉጨቱ ጠፋ።

ቀና ብላ ረገጠች። ወናፉ ተንፈስ ሲል ጡረተኛው መምህር ኖሴ ከደጃቸው ዛፍ ሥር ብቅ አሉ። መምህር ናቸውና ሁለት ጊዜ ጎነበሰች። መታጠፊያው ላይ ቀይ መሃረብ ያሰረ ጂዞ የሚባል የመንገደኛ ጠባቂ የድንጋይ ምስል አለ፤ ለእሱም ጎንበስ። መኪናዋ እየተንገዳገደች፣ እያቃሰተች መንገዱ ከሁሉም ከሚከፋበት ቦታ ደረሰች። እዚያ መነኩሴው መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ለመነኩሴ የሚጎነበሰው ደግሞ ከሁሉም ጥልቅ ነው። ሞተሩ ጠፋ።

«አየህ?» አለች ኪኑ፤ «ሁልጊዜ እዚህ ነው።»

ጌንዞ ግን ያየው ወደ ታች፣ እግሯ ሥር ነበር።

«እትዬ ኪኑ... እግርዎ።»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«አንገትዎ ሲወርድ እግርዎ ይነሳል።»

«ታዲያ ነዳጅ እየረገጡ ሰላምታ አለ እንዴ? ከሰው የምሸሽ ነው እኮ የሚመስለው!»

«ራስዎን ነቅነቅ ቢያደርጉስ? ትንሽ?»

«ለመነኩሴ ነቅነቅ! ምነው ጌንዞ፣ እንሽላሊት ነኝ እንዴ?»

«እንግዲያው አንድ ቀን ሳይጎነብሱ ይለፉ።»

«አንተ ይኸው ዕድሜህን ሙሉ ሳትጎነብስ አለፍክ። ምን እንደሚሉህ ልንገርህ?»

ጌንዞ እንዲነገረው አልፈለገም። ለካ እሱ ሲነዳት የምትበረው መንደሩን ሁሉ ገልምጦ ስለሚያልፍ ነው! ከስንት ጊዜ ጀምሮ የፈታው፣ ያሰረው፣ የቀየረው ሁሉ ለከንቱ ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመችው በጨዋነት ኪኑ ናት። ለዚህ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ኪኑ እውነቷን ነው፣ ሞከረች። በማግስቱ «አልጎነብስም» ብላ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች፤ እማማ ታኬ ብቅ ሲሉ አንገቷ ሳያስፈቅዳት ወረደ። በዓሉ ደግሞ ደረሰ። ጌንዞም ጨነቀውና በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከቤት ቤት ዞሮ በር አንኳኳ።

እማማ ታኬ በሩን ከፍተው ሲያዩት ፊታቸው ዳመነ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አንተ ደጄ መጥተህ ማንም ሳይሞት? እስቲ ግባና ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ልቤን እንዳትመታኝ።»

ነገራቸው። ሹዞ በመጣ ዕለት ኪኑ ዳገቱን ስትወጣ ማንም ፊቱን አያሳያት፤ ጎንበስ የምትልለት ሰው ካጣች እግሯ አይነሳም፤ እግሯ ካልተነሳ ሞተሩ አይጠፋም። ለእሷ ግን እንዳይነገራት፤ ነውር ነው ብላ ታበላሸዋለች። መምህር ኖሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሰው ለመርዳት ጀርባ መስጠት... በማስተማር ዘመኔ አልገጠመኝም። ግን ለኪኑ ከሆነ እሺ።» ሁሉም እሺ አለ፤ ኪኑን የማይወድ የለማ።

ዕለቱ ደረሰ። ሹዞ በአውቶቡስ መጣ፤ ክራቫት አስሯል፣ የከተማ ብስኩት ይዟል። ለጌንዞ ጎንበስ አለ፤ ጌንዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ልጁ እናቱ ጎን ገብቶ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ፊቱ የፈታኝ ፊት ነበር።

ኪኑ ተነሳች። እማማ ታኬ የወረቀት በራቸውን ዘግተዋል፤ ጥላቸው ብቻ ይታያል። መምህር ኖሴ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው የዛፉን ግንድ አቅፈዋል። ልብስ የሚያሰጡ ሁለት ሴቶች መኪናዋን ሲያዩ ከአንሶላው ኋላ ገቡ፤ ጫማቸው ብቻ ይታያል። መነኩሴው መጥረጊያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ አዙረው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለዋል። ዞሮ ፊቱን ሊደብቅ ያልቻለው ጂዞ ብቻ ነበር፤ እሱ ያለበት መታጠፊያ ደግሞ ሜዳ ነው፣ አያስቸግርም። ከጂዞ ወዲያ የወናፉ ፉጨት ተነስቶ እስከ ጫፍ አልተቋረጠም። ሹዞ መያዣውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጌንዞ ከታች ድምጿን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጫፍ ላይ ኪኑ ሞተሩን አጠፋችና አልወረደችም።

«እማዬ፣ ይቺ መኪና እኮ ጉድ ናት! እኔ ይህን... እማዬ? ምን ሆንሽ?»

እንባዋ መሪው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «ቆረጡኝ» አለች።

በእነዚህ ተራሮች በድሮ ጊዜ አንድ ቤት ከባድ ጥፋት ሲያጠፋ መንደሩ ይመክርና ያን ቤት ይቆርጠዋል፣ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጡለት ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ኪኑ ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው ላይ ሲደርስ አይታለች፤ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«ምን አጠፋሁ? ቶፉዬ ሰው አሳመመ? ከድንጋዩ በቀር ፊቱን የሰጠኝ የለም!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። የሹዞ ፊት ጠቆረ። ስለ ሞተሩ ሊል የነበረውን ሁሉ ዋጠው። «ይኸው! እናቴን ሰላም በማይሏት ሰዎች መሃል ነው ትቻት የምኖረው? መኪናውን ተይው። ዛሬውኑ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ጌንዞ ምስጋናውን ሊቀበል በሞተር ብስክሌቱ ሲደርስ ሻንጣ ደጅ ወጥቶ አገኘ። «ምን ብያችሁ ነበር?» የምትል ቃል ሲለማመድ ነበር የመጣው፤ እዚያው ተዋት።

«እኔ ነኝ» አለ። ማንም አልገባውም። «ዙሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ኪኑ ሲጎነብሱ እግራቸው ይነሳል፤ እግራቸው ሲነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ሰውን ደብቁ ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ታኬ እያለቀሱ ነው በሩን የዘጉት።»

የዕድሜውን ረጅሙን ንግግር መናገሩ ነበር። ኪኑ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ከመኪናው ወጣች።

«አንተ! ለአንዲት ቆርቆሮ ብለህ መንደሩን ሁሉ ጀርባ አሰጠኸኝ?»

«ኦሳካ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው።»

ኪኑ ልትሰድበው የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ሹዞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ጌንዞን አየ። ኪኑ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ስማኝ ጌንዞ። ሰው እያየሁ የማልቆምባት መኪና አልፈልግም። በየደጁ ቆሜ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በወጉ ሰላም ብዬ፣ ከቆመችበት ዳገት ላይ የምትነሳ አድርገህ ሥራት። ትችላለህ አትችልም?»

«እችላለሁ።»

«በዓሉ እስኪያልቅ» አለ ሹዞ። «ቃሌ ግን ያው ነው። አንዴ ከጠፋች በቃ።»

ጌንዞ ጋራዡን ከውስጥ ቆለፈ። መጀመሪያ ትልቁን ተርቦ ፈታ። እንዲህ ያለው ከባድ ማራገቢያ ለመንቃት ብዙ ጭስ ይፈልጋል፤ ለሚሮጥ እንጂ ለሚቆም ሰው አይሆንም። ይህን ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር፤ ግን የሚያኮራውን ነገር ሊሰጣት ፈልጎ ራሱን ሸነገለ። በምትኩ ከኋላ ግቢው ከወደቀች አሮጌ መኪና ላይ የሕፃን ጡጫ የምታህል ተርቦ አወጣ፤ ትንፋሽ ስትነካት የምትነቃ። ከዚያ ዲፈረንሻሉን አውርዶ ጥርሱን ቀየረ፤ ሞተሩ ብዙ ሲዞር ጎማው ጥቂት እንዲሄድ። ሜዳ ላይ ብስክሌት ይቀድማታል። የእሽቅድምድም ጋራዥ ልጅ ነኝ ሲል የኖረ ሰው መኪና ሲያዘገይ ዋለ፤ ያን ቀን ያህል ደስ ብሎት ሠርቶ አያውቅም።

በበዓሉ መጨረሻ ሦስት ሆነው ተነሱ። ኪኑ «ሠሪውም ይቅመሳት» ብላ ጌንዞን ከኋላ አጥፋ ከትታዋለች። የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ቆመች፤ የእጅ ፍሬን ሳበች፤ ወረደች። እማማ ታኬ ግንባራቸው መሬት ሊነካ ሲጎነብሱ ደግፋ አነሳቻቸው።

«ፊቴን ያዞርኩብሽ ለአንቺው ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ይቺን ዱባ ያዢልኝ።»

«አይሆንም፣ እማማ።»

«ያዢ ብያለሁ።»

«ኧረ አይሆንም።»

«ካልያዝሽ አልታረቅሽኝም ማለት ነው።»

ዱባው የሹዞ ጭን ላይ አረፈ። ኪኑ ገብታ ፍሬኑን ለቀቀች። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ትንሿ ፉጨት ወዲያው ተሰማች፣ መኪናዋ ተነሳች። ጌንዞ ከኋላ ትንፋሹን ለቀቀ። መምህር ኖሴ ደጅ ደግሞ ቆሙ፤ አንድ ቅርጫት ባዝንጃን ገባ። መምህሩ በመስኮት ሹዞን አዩት።

«አንተ ክፍልፋይ አልገባህ ብሎ ያስለቀስከኝ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ መምህር» አለ ሹዞ፤ ዱባው ላይ ተደፍቶ ጎነበሰ።

«አሁንስ ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ መምህር።»

«እንጃልህ።»

ተነሱ። ቆሙ። ሽንኩርት ገባ፤ ተነሱ። ቆሙ። የተቀቀለ በቆሎ፣ ሁለት ማሰሮ ጨው የገባው አትክልት፣ ስሙን ሹዞ የማያውቀው ሥር ነገር ገባ፤ ተነሱ። ጌንዞ ቅጠል ፊቱን ሸፍኖት በጆሮው ብቻ ይከታተል ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቤተ መቅደሱ ደረሱ። ሰዉ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ መጥቶ ቆሟል። መነኩሴው ይቅርታቸውን በረጅሙ ጠየቁና ለሙታን ቀርቦ ከነበረው ላይ አንድ ሐብሐብ ይዘው መጡ፤ ሁለት እጅ የሚሞላ። የመሠዊያ ነገር እምቢ አይባልም። ጌንዞ ተሸከመው።

ኪኑ ፍሬኑን ለቀቀች። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፤ ፉጨቷ ጀመረችና ቀረች፤ የፍሪሲዮን ሽታ ገባ። ሊጠፋ ሲል ኪኑ ፍሪሲዮኑን ረግጣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሞተሩ ቀስ እያለ ይመታል። ተከትሎ የመጣው ሰው አንገቱን አሰገገ። ጌንዞ ሐብሐቡን አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«በቃ እማዬ» አለ ሹዞ በለሆሳስ። «ሞክረሻል።»

«ሞተሩ ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ ግን—»

«ካልጠፋ አልጠፋም። ውረድ።»

«እኔ?»

«ሐብሐቡን ልጣለው? መነኩሴው ፊት?»

«ጋሽ ጌንዞስ?»

«ሞተሩ ቢያመው ማን ያየዋል? ውረድ እንጂ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል!»

ሹዞ ዱባውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ኪኑ በመስኮት ለሁሉም ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ፍሬኑን ለቀቀች። ትንሿ ተርቦ ነቃች። መኪናዋ ከእነ ባዝንጃኗ፣ ከእነ ጌንዞዋ ቀጥ ብላ ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ።

ሹዞ በቆዳ ጫማው ተከተለ። ጥቂት ሄዶ ክራቫቱን ፈታ። ጥቂት ሄዶ ግድግዳ ተደገፈ። እማማ ታኬ በከዘራቸው ከኋላ መጥተው «አይዞህ» ብለውት አለፉ። መነኩሴው እጃቸውን ወገቡ ላይ አድርገው «ልግፋህ?» አሉት፤ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ስላልነበረው ገፉት።

ላይ፣ ደጁ ባለው ሰሌን ላይ፣ ኪኑና ጌንዞ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጌንዞ ለሠላሳ ዓመት ያልተናገረውን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«እትዬ ኪኑ... ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ታንኳኳለች።»

«ነገ ስወርድ ደጅህ እቆማለሁ» አለች ኪኑ። «ያኔ ቀስ ብለህ ትነግረኛለህ።»

ጌንዞ ወደ ግድግዳ አልዞረም፤ በአቅራቢያው ግድግዳ አልነበረም፣ ቢኖርም አይዞርም ነበር።

ሹዞ ደረሰ። ሸሚዙ ተጣብቆበታል፤ መነኩሴውን አመስግኖ ሰሌኑ ላይ ተዘረጋ። እናቱ ሐብሐብ ቆርሳ ሰጠችው፤ እስኪበላ ጠበቀች።

«ሹዞ፣ አንተን እዚያ ትቼህ መኖር ፈራሁ» አለችው። «እንዲህ ትንፋሽ ሲያጥርህ የሚደግፍህ አለ? ጎንህ ያለው ጎረቤትህ ማን ይባላል?»

ሹዞ አፉን ከፈተ። ከግድግዳው ወዲያ ላለው ሰው፣ ለዓመታት አብሮት አሳንሰር ለሚሳፈረው ሰው፣ ስም አልመጣለትም። 

«ሌሊት ሌሊት ሳል ያስለዋል» አለ በመጨረሻ።

ኪኑ ተነስታ ከጓዳ በማር የተዘፈዘፈ ሎሚ በማሰሮ አመጣችና ለመንገድ ካዘጋጀችለት ዕቃ ጋር አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ስትመለስ ይህን ስጠው» አለች። «ስሙንም ጠይቀው።»